የተከተበ ሰው ለምን ይታመማል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ፣ አባላት በጽሑፍ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች መልስ እንዲሆን የተደረገ ንግግር)





በዛሬው ጉባዔ ላይ ስለ ክትባትና ስለ ተላላፊ በሽታ ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው ስለ ፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጸሐፊያችን ከአንድ ወር በፊት «ጥያቄ ያለው ሰው በወረቀት ጽፎ ይስጠኝ» ብሎ ባስታወቀው መሠረት አሥራ ዘጠኝ ወረቀት ደርሶኛል። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ስለ ሆኑ ጠቅለል አድርጌ በስድስት ከፍዬአቸዋለሁ። አንዷ ወረቀት ግን ከሌሎቹ የተለየች ናት፤ ስምም የላትም። እርሷን በመጨረሻ አነባታለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስተካክል። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም። ጡረታ እስከ ወጣሁ ድረስ በጤና ረዳትነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ሥራ የጀመርሁት በወጣትነቴ፣ ከጥር 1963 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይካሄድ በነበረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ውስጥ ተቀጥሬ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ በእጄ ከሠራሁት፣ ከሐኪሞች ከተማርሁትና ራሴ ካጠፋሁት ጥፋት ነው።

«ኮሮና አልፎ ሄዶ፣ አሁን ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱ ግን አልጠፋም፤ ከሰው ጋር እየኖረ ነው። ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም ብሎ የሚፈርምልንም የለም። አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን አይተዋል፤ በዚህች በአዲስ አበባ ቀባሪ ጠፍቶ እንደ ነበር ሲነገረን አድገናል። እኛ ደግሞ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረበት ዕለት ጀምሮ የሆነውን አየን። የእድር መዋጮ የሚሰበሰበው ለቅሶ ሳይደርስ ነው። ስለ በሽታም መነጋገር ያለብን በሽታው ደጃችን ሳይደርስ ነው።

1ኛ ጥያቄ፦ «የበሽታ መከላከል ኃይል የሚባለው ምንድን ነው? ክትባትስ ምን ይጨምርለታል?»

ኮሮና የሚገባው በአፍንጫ፣ በአፍና በዓይን ነው። የያዘው ሰው ሲተነፍስ፣ ሲናገር፣ ሲያስል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያለቅስ ቫይረሱ ከትንፋሹ ጋር ይወጣል። በተዘጋ ቤትና በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ደግሞ አየሩ ላይ ይቆያል። ክፋቱ፣ ሰውየው ምንም ሳይሰማው፣ ሕመሙ ከመጀመሩ ከአንድና ከሁለት ቀን በፊት ለሌላው ማስተላለፍ መቻሉ ነው።

ሰውነታችን ግን ባለቤት የሌለው ቤት አይደለም። ነጭ የደም ሴሎች የሚባሉ ዘበኞች አሉት። የሰፈራችንን የሌሊት ዘበኛ አስቡት። የሚያውቀው ሌባ ሲመጣ ገና ከመንገዱ ጫፍ ለይቶ ፊሽካውን ይነፋል። የማያውቀው ሌባ ጥሩ ካፖርት ለብሶ ቢመጣ ግን «እንግዳ ይሆናል» ብሎ ያሳልፈዋል፤ የሚነቃው ዕቃ ከተሰረቀ በኋላ ነው። አዲስ ቫይረስም እንዲሁ ነው። ሰውነት ለይቶ አውቆት በቂ መከላከያ እስኪያዘጋጅ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ቫይረሱ እየተራባ ነው። ጎልማሳው ያንን ጊዜ ይወጣዋል። በዕድሜ የገፋው፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ግን ብዙ ጊዜ ያቅተዋል።

ሰውየው ከዳነ፣ ዘበኞቹ የሌባውን መልክ መዝግበው ይይዛሉ። በደሙ ውስጥም ፀረ እንግዳ አካላት የሚባሉ፣ ቫይረሱ ላይ እየተጣበቁ እንዳይገባ የሚይዙት፣ ተዘጋጅተው ይቆያሉ። ክትባት ማለት እንግዲህ ሌባው ቤት ሳይገባ መልኩን ለዘበኞቹ ማሳየት ነው። አንዳንዱ ክትባት የሞተ ቫይረስ ነው፤ ሲኖፋርም የተባለው እንደዚያ ነበር። አንዳንዱ፣ እንደ ኩፍኝ ክትባት፣ የተዳከመ ቫይረስ ነው። አስትራዜኔካና ጆንሰን ደግሞ እንዳይራባ በተደረገ ሌላ ቫይረስ ላይ የኮሮናን ምልክት ብቻ አሸክመው የሚያስገቡ ናቸው።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በፈንጣጣ ዘመቻ ጊዜ በየገጠሩ ስንሄድ፣ በአንዳንድ ቦታ ሽማግሌዎች ከታመመ ሰው ቁስል ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጭረው ያስገቡ ነበር። «እናንተ ሳትመጡ እኛ ስንከትብ ኖረናል» ይሉናል። መሠረቱን አልሳቱም። ስሕተቱ ሕያውና ያልተዳከመ ፈንጣጣ መስጠታቸው ነው፤ የተጫረው ሰው አንዳንዴ ይሞታል፣ ለጎረቤቱም ያስተላልፋል። የእኛ መርፌ ያንን አደጋ የሚያስወግድ ነበር።

2ኛ ጥያቄ፦ «ክትባቱ ራሱ አሳመመኝ። ኮሮናን ሰጠኝ ማለት ነው?»

አይደለም። በአገራችን ከተሰጡት የኮሮና ክትባቶች ውስጥ ሕያው የኮሮና ቫይረስ የነበረበት አንድም የለም። በተከተባችሁ ማግሥት የመጣው ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የክንድ ሕመም ዘበኞቹ ሥራ መጀመራቸውን ያሳያል፤ በአንድና በሁለት ቀን ይለቃል። ትኩሳት ያላገኘውም ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ አይስጋ፤ ይሠራል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ክትባት በተወጋበት ዕለት አይከላከልም። መከላከያው እስኪያድግ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በነዚያ ቀናት ታሞ «መርፌው ነው ያሳመመኝ» ያለ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ የያዘው አስቀድሞ ነበር።

3ኛ ጥያቄ፦ «ሌላው ክትባት ብዙ ዓመት ይፈጃል። ይህ በአንድ ዓመት እንዴት ደረሰ? ተቻኩለውብን አይደለም ወይ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ፣ ሥራው የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. አለመሆኑ ነው። የኮሮና ዘመድ የሆነው ሳርስ በ1995 ዓ.ም.፣ ሜርስ የተባለው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ ተነሥተው ስለ ነበር ሊቃውንቱ ይህን የቫይረስ ቤተሰብ ያውቁት ነበር። በመደበኛው ጊዜ አንዱ ሥራ ካለቀ በኋላ ለሚቀጥለው ገንዘብ እስኪገኝ ዓመታት ያልፋሉ። ያን ጊዜ ግን መንግሥታት ገንዘቡን አስቀድመው ሰጡ፤ ፋብሪካው ውጤቱ ሳይታወቅ ማምረት ጀመረ። የተቆረጠው የወረፋው ጊዜ ነው። ሙከራው በአሥር ሺህ በሚቆጠሩ ፈቃደኞች ላይ ተደርጓል።

4ኛ ጥያቄ፦ «የተከተበ ሰው ለምን ይታመማል? አንተስ ተከትበህ አልተኛህም ወይ?»

በጽሑፍ ካመጣችሁት ግማሹ ይኸው ነው፤ ስለዚህም የንግግሬ ርእስ አደረግሁት። አዎን፣ ተኝቻለሁ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኦሚክሮን የተባለው ዓይነት ሲሠራጭ እኔም ያዘኝ። ሁለቱንም ክትባት ጨርሼ ነበር። ስድስት ቀን ጉሮሮዬን እየቆረጠኝ፣ ወገቤን እየቆረጠመኝ ተኛሁ፤ በሰባተኛው ቀን ተነሥቼ ቡናዬን ጠጣሁ። «ክትባቱ ዶክተሩንም አላዳነው» ተባለ። ሰምቻለሁ፤ ሳቅሁ። ግን እኮ ተነሥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘበኞቻችን በሁለት ቦታ ይቆማሉ። አንዱ በር ላይ፣ ማለት በአፍንጫና በጉሮሮ ነው፤ ሁለተኛው ውስጥ ነው። የበሩ ጥበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ይሳሳል። ቫይረሱም መልኩን እየለዋወጠ ስለሚመጣ በሩን ያታልላል። ስለዚህ የተከተበ ሰው ሊያዝ ይችላል፣ ለሌላም ሊያስተላልፍ ይችላል። የውስጡ ጥበቃ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ሌባው በር አልፎ ሲገባ ሳንባውን ሳያበላሽ ይይዘዋል። በየአገሩ የታየው ይኸው ነው። ተከትበው የታመሙ ብዙ ነበሩ፤ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውና የሚሞቱት ግን ካልተከተቡት ይልቅ በጣም ያነሱ ነበሩ።

እስቲ እድራችንን አስቡ። እድር ሞትን ያስቀራል ወይ? አያስቀርም። መዋጮውን ሳያጓድል የከፈለ አባል ቤት ሞት ሲገባ «እድሩ አልሠራም» የሚል አለ? የለም። እድር የሚሠራው ሐዘን የገባበት ቤት እንዳይፈርስ ነው። የኮሮና ክትባትም እንደዚሁ ነው። በሽታው በር እንዳያንኳኳ ዋስትና አይሰጥም፤ ሲገባ ግን ቤቱን እንዳያፈርስ ያደርጋል።

ሁሉም ክትባት አንድ ዓይነት አይደለም። የኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ የተሰጠው ልጅ ከሞላ ጎደል ከነአካቴው አይያዝም። ስለ ኩፍኝ ግን ሌላ ነገር አለ፤ እጅግ ተላላፊ በመሆኑ አንድ ሰፈር ውስጥ እንዳይሠራጭ ከ100 ሰው 95 ያህሉ መከላከያ ሊኖረው ያስፈልጋል። አምስቱ ደግሞ ለክትባት ያልደረሱ ጨቅላዎችና በሌላ ሕመም ምክንያት መከተብ የማይችሉ ይሁኑ እንጂ፣ በእኛ ስንፍና የቀሩ አይሁኑ።

5ኛ ጥያቄ፦ «እኔ ታምሜ ድኛለሁ። ምን ያደርግልኛል?»

ታሞ የዳነ ሰው መከላከያ አለው፤ ይህን የሚክድ ሐኪም የለም። ግን መከላከያውን የገዛው በሕይወቱ ተወራርዶ ነው። ደግሞም የሁሉ ሰው መከላከያ እኩል አይጠነክርም፤ ከጊዜ ጋርም ይቀንሳል። ታሞ ድኖ ከዚያ የተከተበ ሰው ከሁለቱም ያገኘ ስለ ሆነ ጥበቃው ይበረታል።

6ኛ ጥያቄ፦ «ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦስ?»

ትኩስ ዝንጅብል ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ የታመመ ሰው የሚጠጣ ነገር ሲወስድ ደስ ይለኛል። ነጭ ሽንኩርትም በወጥ ውስጥ ጥሩ ነው። ቫይረሱን መከላከላቸው ወይም መግደላቸው ግን አልተረጋገጠም። ይልቅ የሚያሳስበኝ ጉንፋን በያዘን ቁጥር ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ነው። እርሱ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስንውጠው ባክቴሪያዎቹ ይለምዱትና በሚያስፈልገን ቀን ይከዳናል።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ወረቀት ልምጣ። አንድ መስመር ናት፤ እንዲህ ትላለች፦ «ሌላውን የምትመክር አንተ ራስህ ለምን ቆየህ?»

ማን እንደ ጻፋት አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ጥያቄዋ ግን እውነት ናት።

ክትባቱ ወደ አገራችን የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ 2.2 ሚሊዮን ያህል አስትራዜኔካ። መሰጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን ነው፤ የመጀመሪያው በሽተኛ ከተገኘ ልክ በዓመቱ። እኔ በዕድሜዬ ቀድመው ከተጠሩት ወገን ነበርሁ። በዚያው ሰሞን ግን ይህ ክትባት ደም ያረጋል የሚል ወሬ ከአውሮፓ መጣ። ወሬው ባዶ አልነበረም። በእርግጥ በጥቂት ሰዎች ላይ ደርሷል፤ በአውሮፓ በተደረገው ቆጠራ ከ100,000 ተከታቢ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ላይ ያህል፣ ይበልጡንም በወጣቶች ላይ። ኮሮና በእኔ ዕድሜ ያለውን ሰው የሚገድልበት ቁጥር ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይህን ማስላት የምችል ሰው ነበርሁ፤ አላሰላሁትም። ፈራሁ። «እስቲ ትንሽ ይቆይ፣ የሌላው ሰው ይታይ» አልሁ።

አንድ ቀን የቀድሞው ገንዘብ ያዣችን ከእድሩ ቤት በር ላይ አገኘኝ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ይህን እንድናገርም ፈቅደውልኛል። ስኳር እንዳለበት አውቃለሁ፤ መርፌውን እኔው ነበርሁ የማሳየው። «አንተ ዶክተር፣ ልከተብ ወይስ ልቆይ?» አለኝ። «ትንሽ ቆይ» አልሁት። አራት ሴኮንድ የማይፈጅ መልስ ነው። እርሱ በሒሳብ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሳንቲም ያላጎደለ፣ ያልተረጋገጠ ነገር የማይፈርም ሰው፣ የእኔን ቃል አምኖ ቆየ።

መስከረም 2014 ዓ.ም. ላይ ታመመ። ዴልታ የሚባለው ዓይነት የበረታበት ጊዜ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ጡሩምባው ተነፋ። ቢከተብ ኖሮ በእርግጥ ይድን ነበር ብዬ አልምልም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን በሚያዝያ ተከትቦ ቢሆን ሁለተኛውን በሐምሌ ጨርሶ፣ መስከረም ላይ ሙሉ መከላከያ ይዞ ይጠብቀው ነበር። በቀበርነው በአምስተኛው ቀን ሄጄ ተከተብሁ። የዘገየሁበት ምክንያት ይኸው ነው።

በፈንጣጣ ዘመቻ የሠራን ሰዎች አንድ ታሪክ እናውቃለን። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓለም በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በጎረቤታችን በሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ፣ ጥቅምት 1970 ዓ.ም. የተገኘው ዓሊ ማው ማሊን ነው። ዓሊ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነበር፤ ለጥቂት ጊዜም ራሱ ከታቢ ሆኖ ሠርቷል። እርሱ ግን መርፌውን ፈርቶ ሳይከተብ ቀረ። ሁለት የታመሙ ሕፃናት የጫነ መኪና መንገድ ለማሳየት ለጥቂት ደቂቃ አብሮ ተሳፈረ፤ ያዘው። ደግነቱ ዳነ። ከዚያ በኋላ በሶማሊያ የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ውስጥ ገብቶ፣ የራሱን ታሪክ ለወላጆች እየነገረ ልጆቻቸውን ያስከትብ ነበር። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. በወባ ያረፈውም በዚያው ሥራ ላይ እያለ ነው። ያን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ! በራሴ ላይ ሲደርስ ግን አላስታወስሁትም። ዓሊ ስሕተቱን አልደበቀም፤ እኔም ዛሬ ከእርሱ መማሬ ነው።

ንግግሬን የምቋጨው ሦስት ሐሳብ ለጉባዔው በማቅረብ ነው።

ሀ) በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ለቅሶ ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ሳልና ትኩሳት ያለበት ሰው ቅጣቱን ፈርቶ ድንኳን ውስጥ ገብቶ ከሽማግሌዎች አጠገብ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ደንቡ ይሻሻል፤ «ታምሜአለሁ» ብሎ ለጸሐፊው ያስታወቀ አባል አይቀጣ፣ ስሙም እንደ ተገኘ ይጻፍ። ያሳል ብሎ የቀረ ሰው ለሐዘንተኛው ውለታ ዋለ እንጂ አላጓደለም።

ለ) ድንኳናችን ሲተከል ዝናብ ከሌለ በሁለት በኩል ጎኑ ተገልጦ ይታሰር። አየር የሚገባበት ድንኳን ውስጥ ትንፋሽ አይጠራቀምም። ወረርሽኝ መኖሩ በተነገረ ጊዜም ትከሻ ለትከሻ መሳሳሙን ትተን እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን እንሰናበት፤ ሐዘንተኛው ይረዳናል።

ሐ) በየቤታችን ያሉትን የልጆችና የልጅ ልጆች የክትባት ካርድ እንመልከት። መደበኛው የሕፃናት ክትባት በአገራችን ከተጀመረ ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ ትክትክ፣ ዘጊ አንቁላና መንጋጋ ቆልፍ ከሰፈራችን ብዙ ርቀዋል። ስለ ራቁ ረስተናቸዋል። የኩፍኙ ክትባት በዘጠኝ ወርና በአሥራ አምስት ወር ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ካርድ ማንበብ ያቃተው ወደ እኔ ያምጣ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ነኝ።

ጥያቄ ያለውም ይምጣ። የማውቀውን እናገራለሁ፤ የማላውቀውን ሐኪም እንዲያይ እልካለሁ። «ትንሽ ቆይ» ግን አልልም።

እግዜር ጤና ይስጠን።